ጠብ ዜማ አይወልድም

ሙዚቃ እናውቃለን ከሚሉ ወንድሞቻችን አፍ የማትጠፋ አንዲት አባባል አለች፤ «ባይጣሉ ኖሮ እንዲያ ያለ አልበም ባልወጣቸው»። ይህ የሚባለው የቦስተኑ የሮክ ባንድ ፒክሲስ እ.ኤ.አ. በ1989 ስላወጣው «ዱሊትል» ነው። እኛ አንቀበለውም። ጎጂ አባባል ነውም እንላለን።

አልበሙ ታላቅ ለመሆኑ ክርክር የለንም። አሥራ አምስት ዘፈን ይዞ አርባ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ቤዝና ከበሮ ቀስ ብለው ሲሄዱ ይቆዩና አዝማቹ ላይ ጊታሩ ይፈነዳል፤ ዘፋኙ ብላክ ፍራንሲስም ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። የኒርቫናው ከርት ኮቤይን ዓለም ያወቀውን ዘፈኑን ሲጽፍ ፒክሲስን ለመኮረጅ መሞከሩን በ1994 በታተመ ቃለ ምልልስ ራሱ ተናዟል። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይምጣ?

ታዲያ ጠቡ ምን ጨመረ? ቀደም ባለው «ሰርፈር ሮዛ» (1988) ላይ ቤዝ ተጫዋቿ ኪም ዲል ከፍራንሲስ ጋር የጻፈችው፣ ራሷም የዘፈነችው «ጃይጋንቲክ» ነበረ። «ዱሊትል» ላይ ስሟ በደራሲነት የሰፈረው በአንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ ያውም ከሱ ጋር በጋራ። በተከታዮቹ ሁለት አልበሞች ላይማ ጭራሽ የለም። «ፍሬያማ ግጭት» ማለት እንግዲህ ይኸ ነው!

«ዘፈኖቹን የጻፈው እሱ ነዋ» ትሉን ይሆናል። አዎ፣ አብዛኛውን እሱ ጻፈ፤ ማንም አልካደውም። ግን እስቲ አልበሙን የሚከፍተው «ዲቤዘር» በምን ይጀምራል? በሷ ቤዝ። መዝጊያውስ «ጎውጅ አዌይ»? ኧረ እባካችሁ፣ በጆሮ ስሙ እንጂ በወሬ አትስሙ።

የታፈነው ድምፅ ሌላ በር ፈልጎ ወጣ። ዲል ብሪደርስ ከተባለው ባንዷ ጋር በ1993 ያወጣችው «ላስት ስፕላሽ» በአሜሪካ የፕላቲነም እውቅና አገኘ። በዚያው ዓመት ፍራንሲስ ፒክሲስ መፍረሱን በሬዲዮ አወራ፤ ለሷና ለድራመሩ ለዴቪድ ለቨሪንግ ደግሞ ፋክስ ላከ። ፋክስ! ስንት ዓመት አብረው መድረክ ለወጡ ሰዎች! በ2004 ታርቀው እንደገና ተጫወቱ፤ በ2013 እሷ ለቃ ሄደች።

«ላስት ስፕላሽ» ላይ ያሉት ዜማዎች ለፒክሲስ ቢሰጡ ኖሮ ምን ይወጣቸው ነበር ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ብለናል፤ የሚያናድደንም እሱ ነው።