በፀሐይ ስለሚጎዳ ፊትና ስለማይለቅ ቅርፊት



በዚህ ሰሌዳ ላይ አዘውትረን የምንጽፈው ስለ ቦይ ጽዳትና ስለ መዋጮ ነው። ዛሬ ግን ስለ ሰው ፊት እንጽፋለን። በመካከላችን ከአልቢኒዝም ጋር የተወለዱ ልጆችና ጎልማሶች አሉ። በታክሲ ተራም ሆነ በልቅሶ ቤት ደጃፍ ከእኛው ጋር ይቆማሉ፤ ፀሐዩ አንድ ነው፣ ቆዳችን ግን አንድ አይደለም።

ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን የተባለው ቀለም ጨረርን ይመክታል። ይህ ቀለም ያነሰው ከእናትም ከአባትም በሚወረስ ምክንያት ነው። እርግማን ነው የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ተራ ወሬ ነው። ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርዱ ያታልላል እንጂ ፀሐዩ ብርቱ ነው። ደመናም ቢሆን ጨረሩን ሁሉ አያግድም።

ቆዳው ከዓመት ዓመት ሲጎዳ በግንባር፣ በአፍንጫ፣ በጆሮ ጫፍና በታችኛው ከንፈር ላይ ሻካራ ቅርፊት ይወጣል። በዓይን ሳይታይ በጣት ሲዳሰስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ተነሣ ሲሉት ተመልሶ ይወጣል። ሁሉም ካንሰር አይሆንም፤ የትኛው እንደሚሆን ግን አስቀድሞ አይታወቅም። ስለሆነም ሁሉንም ማሳየት ይገባል። አልቢኒዝም ያለበት ሰው ገና በ20ዎቹ ዕድሜው ካንሰር ሊይዘው ይችላልና «ገና ልጅ ነው» ማለት አያዋጣም። የሚደማ፣ የሚያብጥ ወይም በወር ውስጥ የማይድን ቁስል ካለማ ቀጠሮ አይሰጠውም።

ሕክምናውስ? ሐኪሙ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ቅርፊቱን ያቀዘቅዘዋል። ያቃጥላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ይረግፋል። ብዙ ቦታ ከሆነ ፍሎሮዩራሲል የተባለ ቅባት ለሳምንታት ይታዘዛል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ቅባቱ ሥራውን ሲሠራ ፊት ይቀላል፣ ይላጣል፣ ያስፈራል። «መድኃኒቱ አበላሸኝ» ብሎ በራስ መተው ሳይሆን ወደ ሐኪሙ ተመልሶ መጠየቅ ነው እንጂ! እርጉዝ ሴት ይህን ቅባት አትጠቀምም።

ከሱቅ «ለጠቃጠቆ» ተብሎ የሚሸጠውን ቅባት ግን እባካችሁ ተዉት። ብዙዎቹ ቆዳ የሚያሳሳ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ምልክቱን ሸፍነው ጊዜ ያስበላሉ። ቫዝሊንም ቆዳ ያለሰልሳል እንጂ ፀሐይ አይከለክልም።

በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ዛሬ ልዩ ልዩ የቆዳ ሕመም ይታከምበታል። በሩ ላይ ሰው ያየኛል ብሎ የሚቀር አለ። ማንም ቢያይ ምን አለበት?

በበኩላችን የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት እነዚህ ልጆች ወደ ውጭ ለመላላክ አይታዘዙ። ግድ ከሆነ ሰፊ ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ ይልበሱ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ውድ መሆኑን እናውቃለን፤ ጃንጥላ ግን በየቤቱ አለ። በቦኖ ሰልፍም እነሱ ቀድመው ይቅዱ። በመጪው እሑድ ስብሰባ የእድራችን ድንኳን ቀደም ብሎ ይተከላል፤ የፊት ወንበሮች የእነሱ ናቸው፣ ርቆ ማየትም ስለሚያስቸግራቸው።