ልማደ አንስት ሲቋረጥ ከፍርድ በፊት ምርመራ ይቅደም
አንዲት ሴት ሳትፀንስ ልማደ አንስቷ ቢቋረጥ፥ ጎረቤት መካን ናት ይላታል፤ ባልም ሊፈታት ይነሣል። ነገር ግን ከመፍረድ አስቀድሞ ምን እንደምትበላና ምን ያህል እንደምትደክም መጠየቅ ይገባል።

በሰውነት ያለው ስብ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን በደም በኩል ወደ አንጎል ይልካል፤ ይህንንም በኒው ዮርክ የሚሠሩ ሊቃውንት በ1994 እ.ኤ.አ. ገልጸውታል። ምግቡ አንሶ ድካሙ ሲበዛ ስቡ ይመነምናል፥ መልእክቱም ይደክማል፤ አንጎልም ሕይወትን ለማቆየት ሲል የመውለድን ሥራ ያቆማል። ከ1944 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. በነበረው የብርድ ወራት በሆላንድ ረኃብ በጸና ጊዜ የብዙ ሴቶች ልማድ ተቋረጠ፤ ከዘጠኝ ወርም በኋላ የሚወለዱት ሕፃናት እጅግ አነሱ። ልማዱ ለረጅም ጊዜ ሲቀርም አጥንት ይሳሳል።

ስብ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ የሆርሞኑ ሥርዓት ይዛባል። ለእንዲህ ያለችው መጠነኛ ምግብና የዘወትር እንቅስቃሴ ይረዳታል፤ ለከሳችው ግን ተጨማሪ ድካም ጉዳት ነው። ምክንያቱ ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላልና ሁለቱንም ሐኪም ይመርምራቸው።

በአገራችን ገጠር እንስራ ተሸክማ ሩቅ መንገድ የምትሄደው ሴት፥ በብዙ ስፍራ ቤተ ሰቡን አብልታ የተረፈውን ትቀምሳለች። ስለዚህ ውሃንና ወፍጮን ወደ መንደር የሚያቀርብ ሹም የእናቶችን ጤና ጠበቀ ማለት ነው። የነፍስ አባቶችም ጾም ሕመምተኛን እንደማያስገድድ ያውቃሉና፥ የከሳችውን ወደ ሐኪም ይምሯት፤ ለፍቺ የቸኰለውንም ባል ይገሥጹት። እናትን ሳይመግቡ ልጅን መጠበቅ ሳይዘሩ ለማጨድ መውጣት ነው።