የአባባ ስልክና የእማማ ጭንቀት



«መካነ ኢየሱስ» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የምትለን በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ናት። ዛሬ ግን የምንጫወተው በዚሁ ስም ስለምትጠራው በደቡብ ጎንደር ስላለችው የእስቴ ወረዳ ከተማ፣ በተለይም እዚያ ስለሚኖሩ አንድ አዛውንት ባልና ሚስት ነው። ስማቸውን አንጠቅስም፤ ታሪካቸው ግን የብዙ ቤት ታሪክ ነው።

ባልየው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የደም ግፊት ስላለባቸው በየቀኑ ኪኒን ይወስዳሉ። ባሕር ዳር የሚሠራው ልጃቸው «አባባ እንዳይሰለቹ» ብሎ ዘመናዊ ስልክ ላከላቸው። እርሳቸውም ቴሌግራሙንና ዩቲዩቡን ቶሎ ለመዱት። ማታ ማታ ስለ ጤና የሚነገረውን እያነበቡ፣ ማንበብ ለማይችሉት ባለቤታቸው ይተርኩላቸው ጀመር። መጀመሪያ ላይ ነገሩ መልካም ነበር፤ የወጡ ጨው የተቀነሰው፣ አባባም ጠዋት ጠዋት በእግር መሄድ የጀመሩት ከስልኩ በሰሙት ምክር ነው።

አንድ ቀን ግን እማማ ቤት ሲያጸዱ ከፍራሹ ሥር ያልተነካ የኪኒን ማሸጊያ አገኙ። አንድ አይደለም፤ የሁለት ወር ነው። ለካስ አባባ «ሺፈራውና ነጭ ሽንኩርት ግፊትን ከሥሩ ይነቅላል፤ ኪኒን ግን ኩላሊት ይጨርሳል» የሚል መልእክት ደርሷቸው፣ ለማንም ሳይናገሩ መድኃኒታቸውን አቁመው ኖሯል።

በዚያ ቤት የተነሣው ጠብ ቀላል አልነበረም። «አርባ ዓመት አብሬህ የኖርኩትን ደብቀህ፣ ፊቱን አይተህ የማታውቀውን ሰው ታምናለህ?» አሉ እማማ። አባባ ለጊዜው ዝም አሉ፤ ቆይተው ግን እንዲህ ሲሉ መለሱ፦ «ሐኪም ቤት ስሄድ ኪኒኑን ሰጥተው ያሰናብቱኛል፤ ለምን እንደምወስደው ያስረዳኝ የለም። ልጆቹም ሥራ ላይ ናቸው። ይኼ ስልክ ግን የጠየቅሁትን ሁሉ ይመልስልኛል።»

ወገኖቼ፣ በዚህ መልስ ውስጥ ያለውን ብቸኝነት ልብ በሉት። አዛውንቶቻችን ወደ ስልክ የሚሄዱት ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። ጥያቄ አላቸው፤ ጥያቄያቸውን ቁጭ ብሎ የሚሰማ ግን አጥተዋል።

በማግሥቱ ሲለኩ የአባባ ግፊት 180 በ110 ሆኖ ተገኘ። እርሳቸው ግን ምንም አልተሰማቸውም ነበር። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። የደም ግፊት ሳያሳምም ለዓመታት ይኖራል፤ በድንገት ግን የአንጎል ደም ሥር ዘግቶ ወይም አፍርሶ ሰውን ሽባ ያደርጋል፤ ልብንና ኩላሊትንም ይጎዳል። ኩላሊትን ይጎዳል የተባለው ኪኒን በሐኪም ክትትል ሲወሰድ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ኩላሊትን ከጉዳት ለመጠበቅ ይረዳል። አባባ የፈሩትን ነገር እየሸሹ ወደዚያው እየሄዱ ነበር ማለት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የከፋ ነገር ሳይደርስ መድኃኒታቸውን ቀጠሉ።

እንዲህ ያለው ወሬ አዲስ አይደለም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን መግባቱ ሲነገር ስለ ነጭ ሽንኩርት፣ ስለ ፌጦና ስለ ሎሚ ስንት መልእክት እንደተቀባበልን እናስታውሳለን። የዓለም የጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት፣ ከበሽታው እኩል የሐሰት መረጃ ወረርሽኝ እንደተነሣ አስጠንቅቆ ነበር። ዛሬ ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የታወቀ ሐኪምን ፊትና ድምፅ አስመስሎ መሥራት ይቻላል። መልእክቱ በጥቅስ ጀምሮ በ«አሜን» ስላለቀ፣ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ወንድም ስለተላከ እውነት አይሆንም።

«እምነት ያለው ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል?» የሚሉም አሉ። ነገር ግን ነቢዩ ኢሳይያስ ንጉሥ ሕዝቅያስን እግዚአብሔር እንደሚፈውሰው ከነገረው በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግለት አዝዟል። የጳውሎስ ወዳጅ ሉቃስም ሐኪም ነበር። የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑት ቃሉን በደስታ ስለተቀበሉ ብቻ ሳይሆን፣ የሰሙት እንደዚያ መሆኑን በየዕለቱ ስለመረመሩ ጭምር ነው። ሐዋርያው የነገራቸውን ከመረመሩ፣ እኛ ከቴሌግራም የመጣውን እንዴት ሳንመረምር እንቀበላለን?

ስለዚህ በየቤታችን እነዚህን እንልመድ።

1. ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በስልክ ወሬ አናቁም። ቢያሳስበን መድኃኒቱን ይዘን ሐኪሙን እንጠይቅ። ሺፈራውም ሆነ ሌላ ቅጠል የምንወስድ ከሆነ አንደብቅ፤ ከኪኒኑ ጋር የማይስማማ ሊሆን ይችላልና።

2. የሚናገረው ማን እንደሆነና ምን እንደሚሸጥ እንጠይቅ። «ሐኪሞች የደበቁት ምስጢር»፣ «በሰባት ቀን ለዘላለም ይድናሉ» የሚል ነገር ስንሰማ እንጠንቀቅ።

3. ባልና ሚስት አብራችሁ ስሙ፤ አብራችሁም ወስኑ። የአንዱ ጤና የሁለታችሁ ጉዳይ ነው።

4. ልጆች ሆይ፣ ስልኩን ልካችሁ አትቅሩ፤ ደውሉበት። «አባባ፣ በዚህ ሳምንት ምን አነበቡ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስትመልሱም እንደ ሕፃን አትገሥጹ፤ አክብራችሁ አስረዱ።

5. በጉባኤያችን ነርሶች፣ ፋርማሲስቶችና ሐኪሞች አሉ። በወር አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከአዛውንቶች ጋር ቢቀመጡ ትልቅ አገልግሎት ነው።

6. የአንድ ሰው ፊት በአንድ ወገን ቢጣመም፣ ክንዱ ቢዝል ወይም ንግግሩ ቢተሳሰር ከስልክ ምክር አትፈልጉ። ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበረ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። መስመር ይመጣል፣ መስመር ይሄዳል። በዚያ ጊዜም ቢሆን በቤት ውስጥ የሚቀረው የትዳር ጓደኛ፣ ጎረቤትና የጸሎት ወገን ነው።

ዛሬ አባባ ስልኩን አልጣሉትም። ያነበቡትን ለእማማ ይነግራሉ፤ ያጠራጠራቸውን በወረቀት ጽፈው በቀጠሯቸው ቀን ለሐኪሙ ያቀርባሉ። ኪኒኑ ከፍራሹ ሥር ወጥቶ ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው አጠገብ ተቀምጧል። እማማ ቁጥር ማንበብ ባይችሉም የቀሩትን ፍሬዎች ግን በየማለዳው ይቆጥራሉ።

እናንተስ፣ በቤታችሁ ያሉት አዛውንት ዛሬ ማታ ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡት ለማን ነው?

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።