ከንቲባ አርከበና የገርጂው ቤት

የከተማ ሹም ከመንበሩ በተነሣ ጊዜ የሹመቱ ክብር ከእርሱ ጋራ ይሄዳል፤ ያሠራው ቤት ግን ከስፍራው አይነሣም። ስለዚህ የአቶ አርከበ ዕቁባይን የከንቲባነት ዘመን ለመመርመር የሚወድ ሰው አስቀድሞ ወደ ገርጂ ቢሄድ ይበጀዋል።

ከሕዝባዊ ወያኔ ሓርነት ትግራይ ታጋዮች አንዱ የነበሩት አቶ አርከበ በ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባን አስተዳደር በተረከቡ ጊዜ የከተማው ሕዝብ ትልቅ ጭንቅ የቤት ነገር ነበር። ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ በመንግሥት እጅ የገቡት ቤቶች የቀበሌ ቤት እየተባሉ በጥቂት ብር ሲከራዩ ኖረዋል፤ ኪራዩም ጥቂት በመሆኑ የረገፈውን ጭቃ መልሶ የሚመርግ አልተገኘም።

አቶ አርከበ ከተማውን ሁሉ በአንድ ቀን ልሥራ አላሉም። በ1996 ዓ.ም. በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ረዳትነት፣ በትንሽ ወጪ የሚሠራ ፎቅ በገርጂ ተሞከረ። በወንጌል ግንብ ሊሠራ ያሰበው ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር እንደ ተነገረ፣ የዚህም ሥራ አጀማመር እንዲሁ ነበርና ምስጋና የሚገባው ነው። በዚያው ዘመን ለሥራ አጥ ወጣቶች የተሰጡትን ትንንሽ ሱቆች ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የአርከበ ሱቅ» ይላቸዋል፤ ማንም ሹም በአዋጅ ሊያገኘው የማይችል ስም ነው።

ከሙከራው በኋላ በ1997 ዓ.ም. ቤት ፈላጊው ሲመዘገብ ቍጥሩ ከ450,000 በላይ ሆነ። ቤቱ በዕጣ እንዲታደል፣ ከመቶ 30ው ለሴቶች እንዲለይ፣ ባለዕጣውም ከዋጋው ከመቶ 20ውን አስቀድሞ ከፍሎ የቀረውን በባንክ ብድር እንዲጨርስ ተደነገገ። ነገር ግን በብዙ ስፍራ ድኻው ባለዕጣ የወር ክፍያውን መቻል ስላቃተው ቤቱን ለሌላ አከራይቶ ራሱ ወደ ጎስቋላ ቤት ተመለሰ። የግድግዳው ወጪ ተቈጥሮ ነበር፤ የነዋሪው ኪስ ግን በሚገባ አልተቈጠረም።

በጃፓንም የቶኪዮ ከንቲባ የነበሩት ጎቶ ሺምፔይ፣ በፈረንጆች 1923 ዓ.ም. የምድር መናወጥ ከተማይቱን ባፈረሳት ጊዜ የአገር ግዛት ሚኒስትር ሆነው ታላቅ የማደሻ ዕቅድ አቅርበው ነበር። ምክር ቤቱ ግን ገንዘቡ በዛ ብሎ ቈረጠባቸው። በቶኪዮ በምክር ቤት የተነሣው የገንዘብ ጥያቄ በአዲስ አበባ የተነሣው በየባለዕጣው ጓዳ ነው።

በግንቦት 1997 ዓ.ም. የከተማው መራጭ ድምፁን ለተቃዋሚው ቅንጅት ሰጠ። ተመራጮቹ መንበሩን ሳይረከቡ ቀርተው በ1998 ዓ.ም. በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተተካ። አቶ አርከበም ኋላ የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካሪ ሆነው በኢንዱስትሪ ፓርኮች ሥራ ደከሙ፤ ስለ አገራቸውም ኢንዱስትሪ መጽሐፍ ጽፈዋል።

በ2005 ዓ.ም. ፈላጊው በየወሩ አስቀድሞ እንዲቈጥብ፣ ገቢው እጅግ ላነሰውም 10 በ90 የሚባለው ድርሻ እንዲለይ መደረጉ ከፊተኛው ስሕተት ትምህርት መወሰዱን ያሳያል። ሆኖም ቈጥበው ዓመታት የጠበቁ ብዙዎች ናቸው። ዕጣ የሚያወጡ ሹማምንት የመሠረት ድንጋይ ከመጣላቸው በፊት የቤቱን የወር ክፍያ ከጥበቃውና ከጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዝ ጋራ አስተያይተው፣ ሒሳቡን ለሕዝብ በግልጽ ሊያትሙ ይገባል።