ከቡሌ በፊት



ዘንድሮ የሳይንስ ክበባችን ተማሪዎች ከሆቴልና ከሠርግ ቤት የሚተርፈውን ምግብ በስልክ መተግበሪያ አማካይነት ሐርጌሳ ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ሰዎች የማድረስ ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ሆኖም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው የክብር ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ የኖረ ሰው «ቡሌ» የሚባለውን ያውቃል። ከየሆቴሉ ሰሃን የተራረፈው ሁሉ ተቀላቅሎ ለጎዳና ልጆችና ለድሆች በርካሽ የሚሸጥ ምግብ ነው። ቡሌም ትርፍ ምግብ ማከፋፈል ነው፤ ያለ ምንም መተግበሪያ ለዓመታት ሠርቷል። ስለዚህ የእኛ ድርሻ ቡሌን በስልክ ማፋጠን መሆን የለበትም። ከድስት ያልወጣውንና እጅ ያልነካውን ምግብ ከትራፊው ጋር ሳይቀላቀል መለየት ነው።

ሁለተኛው የሰዓት ጥያቄ ነው። የበሰለ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ የተለመደው ምክርም ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ነው። ማታ የተረፈ ወጥ እንዲሁ አድሮ ጠዋት ቢታደል በሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ ጎዳና ላይ የታመመ ሰው ደግሞ አስታማሚ የለውም። መሣሪያው ምግቡ ከእሳት የወረደበትን ሰዓት መመዝገብ፣ በጊዜው የሚወስደው ከጠፋም ጥሪውን መሰረዝ አለበት።

ሦስተኛው ስልኩ በማን እጅ ነው የሚለው ነው። ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው መተግበሪያ የሚጭንበት ስልክ፣ ቢኖረውም ባትሪ የሚሞላበት ቤት የለውም። መንገዱን ግን ይህችው ከተማ አሳይታናለች። ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው ዛድ ያለ ኢንተርኔት፣ በተራ ስልክ ኮከብና መሰላል በመንካት ይሠራል። ሆቴሉና አድራሹ እንዲህ ባለ ቀላል መንገድ ይገናኙ፤ ለተመጋቢው የታወቀ ቦታና የማይዛነፍ ሰዓት ይበቃዋል። ከተመጋቢዎቹ መካከል ከአገራችን ተሰደው የመጡም ስላሉ በሶማልኛ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚያነጋግራቸው ሰው ያስፈልጋል። ይህን ደግሞ ልጆቻችን ይችሉበታል።

«ልጆቹ ትምህርታቸውን ይማሩ እንጂ ምጽዋት ምን አገባቸው?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ሙቀት መለካት፣ ሰዓት ማስላት፣ ፕሮግራም መጻፍ፣ የተራበን ሰው አክብሮ መጠየቅ ትምህርት ካልሆነ ትምህርት የቱ ነው?

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 በዓለም ላይ ከባከነው 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ 60 በመቶው የባከነው በየቤቱ ነው። ስለዚህ ጣታችንን ወደ ሆቴሎች ብቻ አንቀስር። በመጪው ዓመት ሥራው በአንድ ሚዛንና በአንድ ደብተር ከራሳችን ምሳ ቤት ይጀመር። በየቀኑ ምን ያህል እንጀራ ሳይነካ እንደሚተርፍ አንድ ወር እንመዝን፤ ጎዳና ላይ ያሉትንም በስንት ሰዓትና የት ቢደርሳቸው እንደሚሻላቸው እንጠይቅ። ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላ ይጻፋል።