ኦርጋኑን ከመርገማችን በፊት እንፍታው

ባለፈው ሳምንት ስለ ክራር ቅኝት በለጠፍኩት ጽሑፍ ስር አንድ ወዳጄ «ክራሩንም ማሲንቆውንም የገደለው ኦርጋን ነው፤ ሌላ ምክንያት አትፈልግ» ብሎ ጻፈ። ላይኩ ጎረፈለት። እኔም እዚያው መልስ ልሰጠው ጀመርኩና ነገሩ እየረዘመ ሲሄድብኝ ወደዚህ አመጣሁት። ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እውነት ያለበትን በቅድሚያ ልስጠው። ሰርግ ላይ ድሮ ድራመሩ፣ ቤዝ ጊታሪስቱ፣ ሳክስፎን ነፊው የሚበሉት እንጀራ ነበራቸው። ዛሬ አንድ ሰው ኦርጋኑን ያቆምና አንዲት ቁልፍ ሲጫን ከበሮውም፣ ቤዙም፣ ጭብጨባውም አብሮ ይመጣል። አምስት ሰው ከመክፈል አንድ ሰው መክፈል ይረክሳል፤ በደጋሹ አልፈርድም። «ማሲንቆ» ተብሎ የተጫነበት ድምፅም አለው፤ እኔ ስሰማው ግን ጠርሙስ ውስጥ የታፈነች ንብ ትመስለኛለች። እዚህ ድረስ ከወዳጄ ጋር ጠብ የለንም።

ጠባችን «ኦርጋን» ብለን በምንጠራው ነገር ላይ ነው። እኛ የምናውቀው ኦርጋን የአንድ ትልቅ ቤተሰብ የመጨረሻ ልጅ ነው። ሁሉ ነገሩ ተዘግቶ፣ ድምፁ ተመርጦ፣ ምቱ ተሰናድቶ ነው የመጣልን። አያቱ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1964 ሮበርት ሙግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ኸርበርት ዶይች ከሚባል ሙዚቀኛ ጋር ሆኖ የሠራው ሲንተሳይዘር የተነጣጠሉ ሳጥኖች ስብስብ ነበር። እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል። በገመድ ካላገናኘኸው ትንፍሽ አይልም! ድምፁን የሚሠራው ገመዱን የሚሰካው ሰው ነው። በዚያው ዘመን በሌላኛው የአሜሪካ ዳርቻ፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ዶን ቡክላ የራሱን ሠራ፤ እሱማ የፒያኖ ቁልፍ ጭራሽ አልፈልግም ብሎ በጣት የሚነካ ሰሌዳ አደረገበት። ይህችን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ ታውቁኛላችሁ፤ ሃያ ምናምን ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ሞገድን ያለ ማሲንቆ አስተምሬ አላውቅም። አሁንም በዚያው መንገድ ልሂድ።

የማሲንቆው ጭራ በደጋኑ ጭራ ሲፈተግ ምን ይሆናል? ደጋኑ ጭራውን ይዞት ይሄዳል፣ ከዚያ ያመልጠዋል፣ እንደገና ይይዘዋል። ቀስ ብሎ መሄድ፣ ድንገት መመለስ። ይህንን ብትስሉት የመጋዝ ጥርስ ይወጣችኋል። የሙግ የመጀመሪያው ሳጥን፣ ኦሲሌተር የሚሉት፣ ይህንኑ የመጋዝ ጥርስ በኤሌክትሪክ ይሠራል። እንግዲህ የማሲንቆው ጭራ ኦሲሌተር ነው። ግን ጭራው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ድምፁ የሚያሳክክ ቀጭን ነገር ነበር። ማሲንቆ ማሲንቆ የሚሆነው ድምፁ በቆዳ በተለበጠችው ሳጥን ውስጥ ሲያልፍ ነው። ሳጥኗ ከሚመጣላት ድምፅ አንዳንዱን ታጎላለች፣ አንዳንዱን ታፍናለች። ሁለተኛው ክፍል፣ ፊልተሩ፣ ሥራው ይኸው ነው። ልዩነቱ የማሲንቆዋን ሳጥን እየተጫወትክ መለወጥ አትችልም፤ ፊልተሩን ግን እየዞረ በሚሄድ ቁልፍ ትከፍተዋለህ፣ ትዘጋዋለህ። «ዋ» የሚለው የአፋችን ድምፅ ራሱ እኮ ፊልተር ነው። ጉሮሮ ይሰጣል፣ አፍ ያጣራል።

ሦስተኛው አምፕሊፋየር ነው፤ እሱን አልፈዋለሁ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ ከማድረግ ሌላ ወሬ የለውም። ወሬው ያለው እሱን በሚያዘው ሳጥን ላይ ነው፦ ኤንቨሎፕ። ክራር ስትመታ ድምፁ በቅጽበት ይነሳና ቀስ እያለ ይሞታል። ዋሽንት ላይ ደግሞ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይቆያል። የከበሮ ድምፅ ተወልዶ እስኪሞት ዓይን ጨፍኖ መግለጥ ነው። ጆሯችን አንዱን ከሌላው ከሚለይባቸው ነገሮች ዋናው ይህ አነሳስና አሟሟት ነው። ኤንቨሎፕ ይህንን በአራት ይከፍለዋል፦ አነሳስ፣ የመጀመሪያ አወራረድ፣ አቆያየት፣ ጣት ሲነሳ አሟሟት። ሙግ መጀመሪያ ላይ ይህንን ነገር የሚያስነሳበት ቁልፍ አጥቶ ዶይችን ዕቃ መሸጫ ልኮ የበር ደወል መጥሪያ ነው ያስገዛው። የዓለምን ሙዚቃ የለወጠው መሣሪያ በበር ደወል ነው የጀመረው፤ መርካቶ ስትሄዱ አስታውሱት።

የበገናን ነገር ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ይቆጨኛል። በገና እንደ ንብ የሚያርገበግበው አውታሩና ማረፊያው መሀል በምትገባው ቁራጭ ቆዳ ነው። አውታሩ ቆዳዋን እየነካ ሲመለስ ቀለል ያለው ድምፅ ወፍራምና ሻካራ ይሆናል። ቡክላ ከፊልተር ይልቅ የወደደው ይህንን መንገድ ነው፦ የበዛውን ከመቀነስ ይልቅ ከቀላሉ ተነስቶ ማወፈር። አባቶቻችን ቡክላን አስቀድመው አስበውታል ልላችሁ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ወሬ አልወድም። የምለው መሣሪያው ለእኛ ጆሮ ባዕድ አይደለም ነው።

ታዲያ ባዕድ የሆነብን ምኑ ነው? ቅኝቱ።

በሙግ ሥርዓት ኦሲሌተሩን የሚያዘው ቮልቴጅ ነው። አንድ ቮልት ስትጨምር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወጣል፤ በሰከንድ 220 ጊዜ ይርገበገብ የነበረው 440፣ ቀጥሎ 880 ይሆናል። በመሀል ያለው ሁሉ ክፍት ሜዳ ነው። ኦሲሌተሩ «ዶ»፣ «ሬ» የሚባል ነገር አያውቅም። ፒያኖ የሚባል ነገር እንዳለም አልሰማም። አንዱን ቮልት 12 እኩል ቦታ የሚቆራርጠው የቁልፍ ሰሌዳው ነው፤ ከስሩ እኩል እኩል የሆኑ ሬዚስተሮች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ከአንዱ ዶቃ ላይ ይቀዳል። በቃ። አንቺሆዬን የጨነቃት የሬዚስተር ሰልፍ ነው! በጆሮ የተቃኘ አንቺሆዬ በፒያኖ ቁልፎች ላይ ልክ እንደማይቀመጥ ክራር ተጫዋች ሁሉ ያውቃል፤ አንዱ ጥቂት ወደ ላይ፣ ሌላው ጥቂት ወደ ታች ይቀራል። ያንን «ጥቂት» ነው ኦርጋኑ የበላብን። ዶቃዎቹን ብትቀይር፣ ወይም እንደ ቡክላ ሰሌዳውን ብትተው፣ ማሽኑ አንቺሆዬንም ባቲንም ያለ ምንም ተቃውሞ ይዘፍናል። (በነገራችን ላይ ዛሬ ሰርግ ላይ ከምናያቸው ኦርጋኖች ብዙዎቹ ውስጥ እያንዳንዱን ድምፅ ከፍ ዝቅ አድርጎ የሚቃኝ ቦታ አለ፤ ለዓረብ ሙዚቃ ብለው የጨመሩት ነው። የሚከፍተው አላየሁም።)

ወዳጄ «ይህ የፈረንጅ ፍልስፍና ነው» እንዳይለኝ አንድ ሰው ልጥራ። ሐሊም ኤል-ዳብ ይባላል፤ ግብፃዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ካይሮ ውስጥ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ተሸክሞ ሴቶች ዛር ሲያወርዱ ቀዳ። አዎ፣ ዛር፤ እኛም የምናውቀው። ከዚያ ድምፁን ስቱዲዮ አስገብቶ አስተጋባው፣ አጣራው፣ ሌላ ነገር አደረገው። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ከሚጀመርባት ከፓሪስ አራት ዓመት ይቀድማል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኒውዮርክ ባለው የኮሎምቢያና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ውስጥ ይሠራ ነበር። ከማዕከሉ መሥራቾች አንዱ ኡሳቼቭስኪ ነው፤ ቅድም በአራት የከፈልኩላችሁን ኤንቨሎፕ ከሙግ ያዘዘው እሱ።

ይህ ሰው ከዚያ ወዴት መጣ? አዲስ አበባ። ከ1962 ጀምሮ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963 ደግሞ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። በኋላ ተስፋዬ ለማ የመሩት፣ ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትን፣ በገናን ከየአካባቢያቸው አምጥቶ አንድ መድረክ ላይ ያቀመጠው ኦርኬስትራ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ በዘመኑ ከነበሩት የኤሌክትሮኒክ ድምፅ አዋቂዎች አንዱ እዚህ ከተማ መጥቶ የሰበሰበው ማሲንቆ መቺዎችን ነው። የማሽኑን ሆድ ዕቃ ለሚያውቅ ሰው ጦርነቱ አልታየውም።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ የገፋፋኝ ግን ታሪክ አይደለም። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደውሎ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» አለኝና ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ፓርክ ወጣን። ቦታውን የመረጠው እሱ ነው፤ ቤቱ ተከራይ ብዙ ነው፣ ድምፅ ማሰማት አይቻልም። ከባህር ዛፉ ስር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥንና ከቦርሳው የጫማ ካርቶን የምታህል ሳጥን አወጣ። ከሞቱ ሬዲዮኖችና ከመርካቶ በለቀመው ዕቃ ራሱ የሠራት። ሁለት ኦሲሌተር፣ አንድ ፊልተር፣ አንድ ኤንቨሎፕ፣ የሚሰካኩ ገመዶች። ጎኗ ላይ አምስት የሚዞሩ ቁልፎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ቮልቴጅ ይሰጣሉ፣ ማሽኗ በየተራ ትጠራቸዋለች። ስልኩ ላይ አንድ ሽማግሌ ክራር ሲመቱ የቀዳው አለ። እሱን እየሰማ፣ ጆሮውን አዘንብሎ፣ አምስቱን አንድ በአንድ ቃኛቸው። ክራር ሲቃኝ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ያው እጅ፣ ያው አንገት ነው። ስትጀምር አንቺሆዬ ነበረች። የተሟላች፣ «ጥቂቷ» ያልጎደለባት።

ነፋስ ሲነሳ ቅጠሉ መንሾካሾክ ጀመረ። ልጁ ሳቀና ገመድ ነቅሎ ሌላ ቦታ ሰካ፤ ሳጥኗም ሹሹታ አወጣች። ፊልተሩን ቀስ ብሎ ሲያዞረው የትኛው ባህር ዛፉ፣ የትኛው ሳጥኑ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። በአጠገባችን የሚያልፉ እናት ቆመው «ሬዲዮኑ ተበላሽቶባችሁ ነው?» አሉን።

ይህ ልጅ ሙዚቃ መማር ይፈልጋል። አንድ ቦታ ለፈተና ሄዶ «የምትጫወተው መሣሪያ ምንድን ነው?» ሲሉት ሳጥኗን አወጣ። «ይሄ ዕቃ ነው እንጂ መሣሪያ አይደለም» ብለው መለሱት። ቤተሰቡ ደግሞ ከኤሌክትሪክ ትምህርቱ ያዘናጋው ይህ ጨዋታ ነው ይላሉ። ሙዚቀኞቹ ቴክኒሻን ነህ ይሉታል፣ ቴክኒሻኖቹ አዝማሪ። እና ወዳጄ፣ «ኦርጋን ገደለን» ስትል እንዲህ ያለውን ልጅ ከየትኛው ወገን ትደምረዋለህ?

እንዲህ ዓይነት ሰው ሲገኝ ምን እንደሚሆን አይተናል። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አቀናጅቶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ያረጁ ዜማዎችን ነው የተጫወተው። በኋላ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖረ፤ ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ተንጫጫ። በ2016 ደግሞ ሚካኤል ሰይፉ «ዘላለም»ን አወጣ፤ ኮምፒውተር ላይ ያደገ ትውልድ የአገሩን ድምፅ ይዞ እንዴት እንደሚመጣ መስማት የሚፈልግ ይስማው። ሁለቱም ማሽኑን እንደመጣ አልተቀበሉትም።

እኔ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሙዚቃ የሚያስተምሩ ቤቶች በዓመት ጥቂት ሳምንት ተማሪው የድምፅን ክፍሎች በእጁ እንዲሰካካ ያድርጉ፤ ኪቦርድ ክፍል ውስጥ የአንቺሆዬ ቅኝት በጆሮ ይስተካከል፤ ፊዚክስ አስተማሪዎች ሞገድ ሲያስተምሩ ማሲንቆ ይዘው ይግቡ። የመግቢያ ፈተና ላይም የራሱን መሣሪያ ሠርቶ የመጣ ልጅ ቢያንስ ይደመጥ። ሰምተው ይጣሉት ከፈለጉ።

በመጨረሻ፦ ልጁ ለሁለተኛው ሳጥን ዕቃ እየለቀመ ነው። ቤታችሁ የተበላሸ ኦርጋን፣ የሞተ ካሴት ማጫወቻ፣ አሮጌ ሬዲዮ ካለ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ኢንቦክስ አድርጉልኝ። የካና ኮተቤ ያላችሁ ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ። ቁልፉ የወለቀም ይሁን፤ ቁልፉን አንፈልገውም።