ስለ ወባ መድኃኒትና ስለ ሕፃናት ልብ

መድኃኒት በልኩ ሲሰጥ እንደሚያድን፤ ልኩን ሲያልፍ ደግሞ እንደሚገድል የታወቀ ነው። ይህም ነገር ክሎሮኪን በሚባለው የወባ መድኃኒት ላይ ጎልቶ ይታያል።

በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ 150,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። ክሎሮኪንም እስከ ዛሬ ብዙ ነፍስ ያዳነ መድኃኒት ሲሆን፤ ቫይቫክስ ለተባለው የወባ ዓይነት አሁንም ይታዘዛል። ስለዚህ ለሥራ ወደ ቆላ ወርዶ የሚመለስ የሐይቅና የአምባሰል ሰው ከመድኃኒቱ የተረፈውን በቤቱ ቢያኖር የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስፈራው ግን የተረፈው ኪኒን ሕፃን እጅ የገባ እንደሆነ ነው።

ለአዋቂ ሰው በመጀመሪያው ቀን 150 ሚሊግራም ያለው ኪኒን 4 ፍሬ ይታዘዝለታል። የዚህን እኩሌታ፤ ማለት 2 ፍሬ ብቻ፤ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በአንድ ጊዜ ቢውጠው ሊሞት ይችላል። መድኃኒቱ የልብን ምት የሚመሩትን የሶዲየምና የፖታሲየም መተላለፊያዎች ስለሚዘጋ ምቱ ሥርዓቱን ይለቃል፤ የደም ግፊት ይወድቃል፤ ሕፃኑም ይንቀጠቀጣል፤ ትንፋሹም ይቆማል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

ለዚህ መርዝ ልዩ ማርከሻ አልተገኘለትም። ሆኖም ሕፃኑ ፈጥኖ ከደረሰ ሐኪሙ ትንፋሹን በመሣሪያ እየረዳ፤ አድሬናሊንና ዲያዜፓም እየሰጠ፤ የልቡን ምትና በደሙ ያለውን ፖታሲየም እየተከታተለ ሊያድነው ይችላል። ነገር ግን ከአምባሰል ተራራ ሥር ካለ ሩቅ ቀበሌ ተነሥቶ ደሴ ሆስፒታል እስኪደረስ ድረስ ያ የተቈረጠ ሰዓት ሊያልፍ ይችላልና ዋናው ጥበቃ ከቤት መጀመር ይገባዋል።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት መድኃኒት ሻጩ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ መቈጣጠር፤ የጤና ኬላ ሠራተኞችም የተረፈውን ኪኒን ከየቤቱ እንዲሰበስቡ ማድረግ፤ ለድንገተኛ ሕመምተኛ የሚሆነውንም መኪና ዘወትር አዘጋጅቶ ማኖር ይገባቸዋል። የንስሐ አባቶችና ሼሆችም ወደ ምእመናን ቤት ሲገቡ መድኃኒት ሕፃን በማይደርስበት ስፍራ ተቈልፎ እንዲቀመጥ ቢመክሩ ቃላቸው ይሰማል። ሕፃን ኪኒን መዋጡ የታወቀ እንደሆነ ለማስታወክ መታገልና ምልክቱ እስኪታይ መጠበቅ አይገባም፤ የኪኒኑን ማሸጊያ ይዞ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ጸሎቱም በመንገድ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ መጽሐፈ ሲራክ ባለ መድኃኒትን እንዲያከብሩ ማዘዙን ካህናት ከማንም ይልቅ ያውቃሉና።